አንገቱን የማያሳርፍ መብራት

አንገት የተፈጠረው አዙሮ ለማየት ነው ይባላል። ይህን ያሉ አባቶች በካዛንቺስና በቂርቆስ አዳራሾች ጣሪያ ላይ የተሰቀለውን የዘመኑን መብራት ቢያዩ ኖሮ፣ ዐይን የሌለው አንገት ምን እንደሚሠራ የሚነግረን ሌላ ብሂል ይጨምሩልን ነበር። መብራቱ ሙቪንግ ሄድ ይባላል። ከታች ሳጥን፣ በሳጥኑ ላይ ሁለት ክንድ፣ በክንዶቹ መሃል ጭንቅላት አለው። አንዱ ሞተር ክንዶቹን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዞራል፣ ሌላው ጭንቅላቱን ቀና ጎንበስ ያደርጋል። የሰው አንገት ወደ አንድ ጎን 80 ዲግሪ ያህል ከዞረ ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ ካማረው ትከሻውን ይጨምራል። የዚህኛው በአብዛኛው 540 ዲግሪ ነው፤ አንድ ሙሉ ዙር ይዞርና ግማሽ ይደግማል። ቀናና ጎንበስ ሲል ደግሞ 270። በሰፈራችን የጎረቤት ወሬ የሚጠባበቁ ሰዎች እንኳ ይህን ያህል አልታደሉም።

እንግዲህ ይህን ያህል መዞር የሚችል ነገር የገዛ ሰው ምን ያደርጋል? ያዞረዋል። ሙሽሮች ሲገቡ ይዞራል፣ ምሳ ሲቀርብ ይዞራል፣ ኬክ ሲቆረስ ይዞራል፣ ሽማግሌ ሲናገር ይዞራል። ማዞሪያው ተገዝቶ እንዴት ዝም ይባላል?

የጥርና የሚያዝያ ሠርግ ሲደርስ ከስታዲየም እስከ ኡራኤል ባለው መንገድ አዳራሽ የሚያፈላልጉ ዘመዶችን አድምጡ። “ስንት ሰው ይይዛል?” ይላሉ፣ ጥሩ። “ፓርኪንግ አለው ወይ?” ይላሉ፣ ይህም ደግ ነው። ከዚያ “መብራትስ?” ይመጣል። “ስምንት ሙቪንግ ሄድ፣ የጭስ ማሽን፣ ኤልኢዲ ስክሪን” የሚል መልስ ሲሰጥ ፊታቸው ይፈካል። ለሙሽራ መኪና ሲከራዩ የሹፌሩን ጠባይ፣ መጠጥ መቅመስ አለመቅመሱን ሳይቀር የሚያጠኑ ሰዎች፣ “ይህን መብራት ማን ነው የሚነዳው?” ብለው ሲጠይቁ ሰምቼ አላውቅም። ስምንት ይበቃል። ሌላው ቤተሰብ ስድስት ነበረው።

ነጂ ያጣ መብራት ራሱን ያስተዳድራል። ከሥሩ ባለችው ትንሽ ሰሌዳ ላይ “ሳውንድ” የምትል ምርጫ አለች። እሷ ከተነካች በኋላ በውስጡ ያለች ማይክሮፎን ድምፅ በሰማች ቁጥር መብራቱ አቅጣጫውን፣ ቀለሙን፣ ቅርጹን ይቀያይራል። ይህን የፈለሰፈው ሰው በጆሮው የነበረው ከበሮና ባስ ጊታር ነው። የሽማግሌ ምርቃት አልነበረም።

በአንድ የካዛንቺስ አዳራሽ የሆነው ይኸው ነው። አዛውንቱ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ፣ ዲጄው ሙዚቃውን ዝቅ አደረገ፣ መብራቶቹም ድምፅ ስላጡ ባሉበት ቆሙ። ለአንድ አፍታ አዳራሹ አዳራሽ መሰለ።

“ውለዱ ክበዱ።”

“አሜን!” አለ ሕዝቡ ባንድ አፍ። ስምንቱም ጭንቅላት ደንግጦ ተነሣ፤ አረንጓዴ ሆነ፣ ግድግዳውን ዳሰሰ፣ ቆመ።

“ሀብትን ከጤና ጋር ያድላችሁ።”

“አሜን!” ቀይ። ጨረሩ ጠረጴዛዎቹን ጠርጎ በአዛውንቱ ራሰ በራ ላይ አረፈ።

“እንደ አብርሃምና እንደ ሣራ አንድ ላይ ያስረጃችሁ።”

ይህ ምርቃት የተወደደ ነበርና አሜኑም በረታ፤ ስምንቱ መብራቶች ባንድነት ይርገበገቡ ጀመር፣ በመስተዋት ላይ የተቀረጹት ኮከቦች ጣሪያው ላይ ይሽከረከሩ ጀመር። አዛውንቱ ቀና ብለው አዩ። ምርቃታቸው እንዲህ ባንዴ ሲደርስ አይተው የማያውቁ ይመስለኛል። የቀረውን በልባቸው መርቀው ተቀመጡ። መብራቱ ግን ማንንም አያበላልጥም፤ ትንሽ ቆይቶ አስተናጋጁ የብርጭቆ ሳህን ሲጥል ለእርሱም ያንኑ ክብር ሰጥቶታል።

አሠራሩን በቅጡ ላየው ሰው ይህ ማሽን የሚያሳዝን ታዛዥ ነው። ዲኤምኤክስ 512 የሚባል ቋንቋ ይሰማል፤ የአሜሪካ የቲያትር ቴክኖሎጂ ባለሙያዎች በ1986 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው። በአንድ ገመድ ላይ 512 ቻናል፣ በእያንዳንዱ ቻናል ላይ ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር። አንዱ ቻናል ግራና ቀኙን፣ አንዱ ቀናና ጎንበሱን፣ አንዱ የብርሃኑን መጠን፣ አንዱ ቀለሙን፣ ሌላው ቅርጹን ይዞ አንድ መብራት ብቻውን 16 ወይም ከዚያ በላይ ቻናል ይበላል። ቁጥር ሲሰጡት ይሄዳል። ሌላ ቁጥር እስኪሰጡት እዚያው ይቆማል። አዎ፣ ይቆማል! መቆም የሚችል መሆኑን ብዙ ሰው የሚያውቅ አይመስለኝም።

ችግሩ የት እንደሚቆም ነው። 540 ዲግሪን ለ256 አካፍሉት፤ አንዱ እርምጃ ከሁለት ዲግሪ ይበልጣል። መብራቱ ከመድረኩ 15 ሜትር ርቆ ከተሰቀለ ያቺ አንድ እርምጃ መድረኩ ላይ ስትደርስ ከግማሽ ሜትር በላይ ትሆናለች። ሙሽራዋ ላይ ልብራ ያለ ጨረር በዚህ ቁጥር ሚዜዋ ላይ ያርፋል፣ በሚቀጥለው ቁጥር አማቷ ላይ። በመሃል ያለችው ሙሽራ ቁጥር የላትም። ለዚህም መድኃኒት ተሠርቶለታል፤ ፋይን የሚሉት ሁለተኛ ቻናል እያንዳንዱን እርምጃ እንደገና በ256 ይሸነሽነዋል፣ ጠቅላላው 65,536 ይሆናል፣ ጨረሩም በሙሽራዋ ቬሎ ላይ ያለችውን አንዲት ዕንቁ መርጦ መቆም ይችላል። ግን ይህን ለማግኘት በብዙዎቹ መብራቶች ረጅሙን ሞድ መምረጥ፣ አድራሻ እንደገና መቁጠር፣ መሰላል ላይ መውጣት ያስፈልጋል። አጭሩ ሞድ ደግሞ አጭር ነው። ሙሽራዋ ትንሽ ትጠጋ።

አድራሻ ካልን ዘንድ፣ ሁሉም መብራት የየራሱ ሊኖረው ይገባል፤ የመጀመሪያው 1 ከሆነ ሁለተኛው 17፣ ሦስተኛው 33 እያለ ይቀጥላል። ይህን መቁጠር የሰለቸው ሰው ለስምንቱም 1 ይሰጣቸዋል፤ ስምንቱም አንዱ ያደረገውን ያደርጋሉ። መልካም ኅብረት ነው፣ ሁሉም ፊታቸውን ወደ አንድ ወገን አድርገው ከተሰቀሉ። ካልሆነ ግን አራቱ ወደ መድረኩ ሲዞሩ ከማዶ የተሰቀሉት አራቱ ጀርባቸውን ሰጥተው የወጥ ቤቱን በር ያበራሉ። በሩ ተከፍቶ ትሪ የተሸከመ አስተናጋጅ በአራት ጨረር ታጅቦ ሲገባ ማየት ደስ ይላል፤ በልጁ ፊት ላይ የሚነበበው ድንጋጤ ከሙሽራው የበለጠ እውነተኛ ነው። አቅጣጫውን የምትገለብጥ ምርጫ በዚያችው ሰሌዳ ላይ አለች። ማን ይነካታል!

ማሽኑ ሲወለድ እንዲህ አልነበረም። በሞተር የሚዞረውን መብራት ለመድረክ ያበቁት የቴክሳስ ድምፅና መብራት አከራዮች ናቸው፤ ቫሪ ላይት ብለውት በ1981 እ.ኤ.አ. ጀነሲስ ከሚባለው የእንግሊዞች ባንድ ጋር ባርሴሎና ውስጥ በአንድ የኮርማ መፋለሚያ ሜዳ አሳዩት። ያን ጊዜ መብራቱና የሚያዘው እጅ አብረው ነበር የሚከራዩት፤ ባለሙያው የትኛው ዘፈን የት ላይ እንደሚያርፍ ስንኝ በስንኝ ያጠና ነበር። ከዚያ በ2010 እ.ኤ.አ. አካባቢ የጣሊያኑ ክሌይ ፓኪ ሻርፒ የምትባል ትንሽ መብራት አወጣ፤ 189 ዋት አምፖል፣ ከ4 ዲግሪ የማይሰፋ ስል ጨረር። ዓለም ተገረመ፣ ቻይና ቀዳች፣ “ቢም 230” የሚባለው ዘር በየአዳራሹ ተራባ። መብራቱ ረከሰ። እጁ አብሮ በካርቶን አልመጣም።

ጨረሩን ለማየትም ጭስ ያስፈልጋል። በንጹሕ አየር ውስጥ የሚያልፍ ጨረር አይታይም፤ የሚታየው ያረፈበት ብቻ ነው። ስለዚህ የጭስ ማሽኑ ከመድረኩ ሥር ይተፋል፣ በፊት ረድፍ የተቀመጡት የሙሽራው አክስቶች ይስላሉ፣ ትልልቅ ሆቴሎች ደግሞ ጣሪያቸው ላይ የእሳት ማስጠንቀቂያ ስላለ ማሽኑን ይከለክላሉ፤ እዚያ ስምንቱ መብራቶች አየር ሲቀዝፉ ይውላሉ። ከሁሉ ያማረ ጨረር ያየሁት ቡና በሚፈላበት ጥግ ነው። ዕጣኑ ሲጤስ አንድ የባዘነ ጨረር ሲያልፍበት ጥርት ብሎ ታየ። ቡና አፍይዋ በእጇ ገፋችው።

የቀለሙ ነገር ለብቻው ይነገር። ቀይ ነገር ቀይ የሚሆነው ቀይ ብርሃን ሲያገኝ ነው፤ ድፍን ሰማያዊ ብርሃን የበራበት ዶሮ ወጥ ጥቁር ነው። ሦስት ቀን ሽንኩርት ሲከተፍለት፣ ሲቁላላና በቅቤ ሲታሽ የሰነበተ ወጥ፣ ምግቡ በሚነሣበት ሰዓት አንድ መብራት ሰማያዊ ሆኖ ቡፌው ላይ ይሰፍርና ሰልፈኛው ድስቱን በጥርጣሬ ያየዋል። ሥጋውን በማሽተት፣ እንቁላሉን በመዳሰስ ነው የሚለየው። ዝቅ ብሎ “የጾም ነው የፍስክ?” ብሎ የሚጠይቅም አለ፤ በአረንጓዴ ብርሃን ጎመንና ክትፎ ተመሳስለው ቢቀርቡለት ምን ያድርግ? በዚህ ጉዳይ ጾመኛውን የሚያስት መብራት ንስሐው በማን ላይ እንደሚወድቅ የሚያውቅ ካህን ቢኖር ጥያቄው ክፍት ነው።

ይህ የሠርግ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ካዛንቺስ የዐውደ ጥናት አገር ናት። ስለ አፈር መሸርሸር በሚመክር ስብሰባ ላይ የክብር እንግዳው ንግግር ሊያነቡ ሲነሡ የሠርጉ መብራት ከትናንት እንደተሰቀለ ነው፤ አንድ ሰው ደግሞ “ለመክፈቻው ድምቀት” ብሎ ያበራዋል። ወረቀታቸው ሐምራዊ ይሆናል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ይጠፋል። “ውድ የጉባኤው ተሳታፊዎች” ብለው ቀጣዩን መስመር እስኪያገኙ ይጠብቃሉ። መብራቱ እስከዚያው ታዳሚውን እየዞረ ይጎበኛል፤ በሦስተኛው ረድፍ አንገታቸውን ደፍተው ያንቀላፉትን ባለሙያ አግኝቶ ቆም ሲል ግን፣ ያለ ነጂም ቢሆን የሚያውቀው ነገር አለ ያሰኛል። ጭብጨባ ሲነሣ ባለሙያው ነቅተው አብረው አጨበጨቡ።

ከዚያ መብራት ሄደች። ይህን ማብራራት አያሻም። የጥቂት ሰከንድ መጥፋት ነው፣ ጄኔሬተሩ ይነሣል፣ ሁሉም ነገር ይመለሳል፤ ከስምንቱ ጭንቅላት በቀር። በእነዚህ መብራቶች ውስጥ ያለው አምፖል ጋዝ የታመቀበት ስለሆነ እንደጋለ ከጠፋ ወዲያው አይነሣም፣ ጥቂት ደቂቃ መቀዝቀዝ አለበት። ሞተሮቹ ግን ኤሌክትሪክ እንዳገኙ ሥራቸውን ይጀምራሉ፤ ዜሮ ነጥባቸውን ለማግኘት ግራ ዳር ድረስ፣ ቀኝ ዳር ድረስ፣ እላይ፣ እታች እየሄዱ ይፈትሻሉ። በሠርግ ቀን ይህ ሙሽሮች የሚገቡበት ደቂቃ ላይ የሚሆነው ለምን እንደሆነ አላውቅም እንጂ ይሆናል። ሙዚቃው ይጮኻል፣ እልልታው ይቀልጣል፣ በጨለመው ጣሪያ ላይ ስምንት የማያበሩ ጭንቅላቶች በታላቅ ትጋት ይዞራሉ። ሙሽሮች በእንግዶች ስልክ ብርሃን መንገድ አግኝተው ይገባሉ። ኤልኢዲ የሆኑት ይህ ጣጣ የለባቸውም ይላሉ ሻጮቹ፤ እውነት ነው፣ እነሱ መብራት በተመለሰች ቅጽበት ዐይን ውስጥ ይገባሉ።

ይህ ሁሉ የሚገርመኝ በካዛንቺስ ስለሆነ ነው። ይህ ሰፈር ብርሃን ሰው ላይ ማሳረፍን አሳምሮ ያውቅ ነበር፤ ያውም ያለ ኤሌክትሪክ። አዝማሪ ቤቶቹን ማለቴ ነው። የእስክስታው ሰው መላኩ በላይ ይመራው የነበረው ፈንድቃ ከሩቅ አገር እንግዳ ይስብ ነበር፤ ከእሱ ያነሰ ስም የነበራቸውም ብዙ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲመጣ የሰፈሩ ብዙው ክፍል ፈረሰ፣ መንገዱ ሰፋ፣ አምፖሉም በዛ። በዚያ በድሮው ቤት ግን ብርሃኑ ጥግ ላይ ያለች አንዲት ቀይ አምፖል ብትሆን ነው። የቀረውን ማሲንቆ ያንጠለጠለው ሰውዬ ይሠራዋል።

አገባቡን ልብ ያለ ሰው ያስታውሰዋል። መጀመሪያ ቤቱን በዐይኑ አንድ ጊዜ ይዞረዋል፣ አይቸኩልም። ከሚስቱ ጋር የመጣውን አየ፣ ከሚስቱ ጋር ያልመጣውንም አየ። ኩርፊያ የያዘውን አለፈው። ሙሉ ልብስ ለብሶ ጠርሙስ የደረደረውን አየና ለሌላ ጊዜ አቆየው። ከዚያ አንድ ሰው ፊት ይቆማል። ስሙን ከጓደኛው በጆሮው ሰምቷል። ማሲንቆው ቀነስ ይላል፣ ግጥሙ ይወርዳል፣ ቤቱ በሙሉ ወደዚያ ሰው ይዞራል፤ ሰውየው ይሽኮረመማል፣ ይስቃል፣ ብር ያወጣና ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። “ተቀበል!” ይለዋል፣ የራሱን ስንኝ ይሰጠዋል፣ አዝማሪው ተቀብሎ አሳምሮ ይመልስለታል። ሰውየው ገና ሳይጠግብ አዝማሪው ተነሥቶ ወደ ሌላው ይሄዳል።

በዲኤምኤክስ “ተቀበል” የለም። ወሬው የአንድ ወገን ነው፤ ቁጥሩን የሚልከው ቦርድ ያዝዛል፣ መብራቱ ሰማ አልሰማ፣ ሙሽራዋ ላይ አረፈ አማቷ ላይ፣ ቦርዱ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። በኋላ የመልስ መንገድ የሚሰጥ ተጨማሪ ሥርዓት ወጣለት፤ እሱም ቢሆን የአምፖሉን ሙቀት ይነግራል እንጂ የአማቲቱን ፊት አያነብም። ለዚያ ሰው መቀመጥ አለበት። ዐይን ያለው።

ሰፈሩ ሌላም የማይዞር ብርሃን አለው። በአፍሪካ አዳራሽ፣ በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው፣ የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስተዋት 150 ካሬ ሜትር ሆኖ ቆሟል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955 ዓ.ም. ሲመሠረት መሪዎቹ በሥሩ አልፈዋል፤ ታድሶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፍቷል። እዚያ የሚንቀሳቀሰው ፀሐይ ነው፣ በሰዓት 15 ዲግሪ። ቀዩ ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ ሲሄድ ማንም ዐይኑን አይጋርድም። እርግጥ ፀሐይን በሳውንድ ሞድ የሚያስገባት አልተገኘም።

ላይት ማን የሚባለው ሙያ ጨርሶ የለም ማለቴ አይደለም። ባለፈው የሠርግ ወቅት አንድ ልጅ አይቻለሁ። የራሱን ላፕቶፕ ይዞ መጥቶ ከጠዋት ጀምሮ መሰላል ላይ ነበር፤ አድራሻ ቆጠረ፣ የተገለበጡትን አቀና፣ የሙሽሮቹን ወንበር በፋይን ቻናል ለካ። የሙሽራዋ እናት ልጃቸውን ለመሳም ሲነሡ ሰባቱን መብራት ቀስ አድርጎ አጠፋቸው። አንዱን አደብዝዞ፣ የሻማ ቀለም አድርጎ፣ እናትና ልጅ ላይ አቆመው። የወይዘሮዋ ጥልፍ ቀሚስ ታየ። ያለቀሱ ሰዎች ነበሩ፤ ቪዲዮ ቀራጩ እንኳ ካሜራውን አንድ ቦታ ያዘ።

ያኔ የሙሽራዋ አባት ከመቀመጫቸው ተነሥተው በጨለማው ጠረጴዛ እየገጩ ወደ ልጁ መጡ።

“አንተ ልጅ፣ ምን ሆነ? ተበላሸ እንዴ?”

“አይ ጋሼ፣ አልተበላሸም። አቁሜው ነው።”

“ምን ነካህ? ለስምንት ነው እኮ የከፈልኩት! አንድ ብቻ ነው የሚታየው፣ እሱም አይንቀሳቀስም።”

“ጋሼ፣ ለእማማ ብዬ ነው፤ ትንሽ እንዲታዩ…”

“እሷን ቤት እናያታለን! ሰዉ ምን ይላል? አንቀሳቅሰው።”

ልጁ ላፕቶፑን አየ፣ ጋሼን አየ፣ “እሺ” አለና አንዲት ቁልፍ ተጫነ። ስምንቱም ባንድ ጊዜ ተነሡ፤ አረንጓዴው በእናቲቱ ላይ አለፈ፣ ኮከቦቹ ተሽከረከሩ፣ ከማዶ ሕፃን አለቀሰ፣ አንዱ ጨረር ወርዶ ፊት ለፊት ጋሼ ላይ ተተከለ።

“ይኸው፣ አሁን ሠራ!” አሉ፣ ዐይናቸውን በሁለት መዳፋቸው ጋርደው።